ታንኳ ከማውረዳችን በፊት

የእህቴ ልጅ ለጥምቀት ከአዲስ አበባ ሲመጣ፣ ለሁለት ሰው የምትሆን የፕላስቲክ ታንኳ በጭነት መኪና አስቀድሞ ልኮ ነበር። ገና ሻንጣውን ሳያስቀምጥ፣ «አጎቴ፣ ከጣና ተነሥተን በዓባይ እስከ ጢስ ዓባይ ብንወርድስ? ወንዙ በጥር ዝቅ ብሎ ስለሚረጋ አያስቸግረንም» አለኝ። ወንዙ በጥር ዝቅ ማለቱ እውነት ነው፤ ነገር ግን ዝቅ ብሎ ይቆያል ብሎ መተማመን ከባድ ስሕተት ነው። ያን ዕለት ማታ ያስረዳሁትን እዚህ በዝርዝር እጽፋለሁ፤ እንደ እርሱ የሚያስቡ ወጣቶች ብዙ መሆናቸውን አውቃለሁና።

ድሮ ዓባይ ከጣና የሚወጣው ሐይቁ በሞላና በጎደለ መጠን ነበር። ክረምቱ ሲያልፍ፣ መስከረምና ጥቅምት ላይ፣ ሐይቁም ወንዙም ይሞላሉ፤ ከዚያ እስከ ግንቦት ቀስ እያሉ ይጎድላሉ። የወንዙን ጠባይ ለመገመት ወሩን ማወቅ ይበቃ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1996 ግን በሐይቁ መውጫ የጨረጨራ ግድብ በሁለት በሮች ሥራ ጀመረ፤ በ2001 አምስት ተጨምረው ሰባት ሆኑ። ግድቡ የሐይቁን ከፍታ ከባሕር ወለል በላይ በ1,784 እና በ1,787 ሜትር መካከል ለመቆጣጠር የተሠራ ነው። የ3 ሜትር ልዩነት ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት ባለው ሐይቅ ላይ 9 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ገደማ ውሃ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 ደግሞ 460 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው የጣና በለስ ጣቢያ ተመርቆ፣ የሐይቁ ውሃ በምዕራብ በኩል በዋሻ ወደ በለስ ወንዝ መሄድ ጀመረ። እንግዲህ ከጨረጨራ በታች የምናየው ዓባይ ዝናብ ብቻ የሚወስነው ወንዝ አይደለም፤ ሰው የሚከፍተውና የሚዘጋው ወንዝ ነው።

ይህን የተማርኩት ከመጽሐፍ አይደለም። ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ በየካቲት ወር፣ ከሁለት ጓደኞቼ ጋር ከግድቡ በታች ወርደን በወንዙ መካከል በምትገኝ አንዲት ዐለት ላይ ምሳ ልንበላ ተቀመጥን። ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር። እንጀራችንን ገና ሳንጨርስ ዐለቷ ከግርጌዋ መጥበብ ጀመረች፤ ቀድመን የተሻገርንበት፣ ውሃው ቁርጭምጭሚት ብቻ ይደርስ የነበረው ቦታ ስንመለስ ከጉልበት በላይ ሆኖ ጠበቀን። እጅ ለእጅ ተያይዘን ወጣን፤ አገልግላችንን ግን ውሃው ወሰደው። በሮቹ በዚያ ቀን እንዴት እንደሚሆኑ ማንንም አልጠየቅሁም ነበርና ጥፋቱ የእኔ ነበር። እስከ ዛሬ የሚያስጨንቀኝ፣ ከእኛ ጋር ዋና የማይችል ልጅ ቢኖር ኖሮ የሚለው ሐሳብ ነው።

ግድቡን በታንኳ ተንሸራትቶ ማለፍ ይቻላል ብሎ ለሚያስብ ሰው ደግሞ ከሁሉ በፊት የሚነገረው የግድብ ግርጌ ነገር ነው። ከግድብ ላይ የሚወርድ ውሃ እግሩ ሥር ደርሶ ወደ ኋላ፣ ወደ ግንቡ ይታጠፋል። ከላይ ሲያዩት አረፋ ብቻ ነው፤ ውስጡ ግን የገባበትን ታንኳም ሆነ ዋናተኛ እየገለበጠ መልሶ መላልሶ ወደ ግንቡ ይስባል፤ አረፋው አየር የበዛበት በመሆኑም ሰውነትን በቅጡ አያንሳፍፍም። ጉልበት ያለው ዋናተኛ እንኳ ከዚያ ለመውጣት ይቸገራል። ቁመቱ አጭር የሆነ ግድብ ስለማያስፈራ ብዙ ሰው ይዘናጋበታል።

ጢስ ዓባይ ደግሞ ከባሕር ዳር 30 ኪሎ ሜትር ያህል ወርዶ የሚገኝ፣ 40 ሜትር ገደማ ከፍታ ያለው ፏፏቴ ነው። ከፏፏቴው በላይ እ.ኤ.አ. ከ1964 ጀምሮ ለኃይል ማመንጫ ውሃ የሚጠለፍበት ቦታ አለ። ስለዚህ ያንን መንገድ በአንድ ቀን በታንኳ የመውረድ ሐሳብ እንደማይሆን ለልጁ በግልጽ ነገርኩት፤ ፏፏቴውን በመኪና ሄደን እናያለን።

በታንኳ የምንሄደው ከግድቡ በላይ፣ በሐይቁ ዳር እስከ ደብረ ማርያም ደሴት አካባቢ ነው። ይህም ቢሆን ያለ ጥንቃቄ አይሆንም። በሮቹ ሰፋ ተደርገው በተከፈቱ ጊዜ ከላይ ያለው ውሃም ወደ መውጫው ይሳባል፤ ለዓይን የረጋ የሚመስለው ታንኳን ሳይታወቅ ይወስዳል። ስለዚህ ዋዜማውን በእግር ሄደን፣ ከዚህ አናልፍም የምንለውን ምልክት፣ አንድ ትልቅ ዋርካ፣ ከየብስ ሆነን መረጥን። የግድቡን ጠባቂዎችም ማታና ጠዋት ሁለቴ እንጠይቃለን። አንድ ሽማግሌ ታንኳ ቀዛፊ ያስተማሩኝን ዘዴም አልተውም፦ ከመነሣታችን በፊት በውሃው ጠርዝ እንጨት እንተክላለን፤ ግማሽ ሰዓት ጠብቀን ውሃው ከእንጨቱ ከፍ ወይም ዝቅ ካለ ያን ቀን አንወጣም።

ሰዓቱን ለመምረጥ ብዙ ተጨቃጨቅን። በጣና ላይ ጠዋቱ ጸጥ ያለ ሲሆን ከቀትር በኋላ ነፋስ ተነሥቶ ማዕበል ያነሣል፤ ስለዚህ ልጁ ገና ጎሕ ሲቀድ እንነሣ አለ። ነገር ግን ጉማሬዎች ሌሊቱን በየብስ ሲግጡ አድረው ወደ ውሃ የሚመለሱት በዚያው ሰዓት ነው፤ በጉማሬና በጥልቁ ውሃ መካከል መገኘት ደግሞ ከሁሉ የከፋ ነው። የዓባይ መውጫ አካባቢ ጉማሬ የማይጠፋበት ቦታ ስለሆነ፣ ሙሉ በሙሉ ከነጋ በኋላ፣ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ተኩል ላይ ተነሥተን ሳይነፍስ 4 ሰዓት ላይ ለመመለስ ወሰንን። ጉማሬዎቹ በዚያን ዕለት የት እንዳሉ የደንገል ታንኳ የሚቀዝፉት ሰዎች ከማንም በላይ ያውቃሉ፤ ሳንጠይቃቸው አንነሣም።

የሕይወት አድን ጃኬቱ ታንኳው ውስጥ አይቀመጥም፤ ከመሳፈራችን በፊት ለብሰን ቀበቶውን እናጠብቃለን። ፊሽካ በአንገታችን፣ ስልክ ውሃ በማያስገባ ከረጢት፣ ረጅም ገመድ ከእግራችን ሥር ይሆናል። የሐይቁ ዳርቻ ቢልሃርዚያ፣ ማለትም ከውሃው በቆዳ በኩል የሚገባ ጥገኛ ትል፣ የሚገኝበት በመሆኑም በቄጠማው መካከል አንዋኝም፤ ከረጠብን ወዲያው እንደርቃለን።

የመነሻችንን ቦታ፣ የመረጥነውን ዋርካ፣ የተሳፋሪዎችን ቁጥርና የመመለሻ ሰዓታችንን በወረቀት ጽፌ ለእህቴ ሰጥቻለሁ። 5 ሰዓት ድረስ ካልደወልን ለመውጫው ቅርብ ወደሆኑት ባለ ሞተር ጀልባዎች ትደውላለች፤ ስልካቸውንም ከወረቀቱ ጀርባ ጽፌላታለሁ።