ሐረጎን የወረድኩ ለታ

ዛሬ ማክሰኞ ነው። ጠዋት ከቤታችን ደረጃ በጎኔ ወረድኩ። አምስት እርከን ብቻ ናት፤ ግድግዳውን ይዤ፣ አንዱን እግር አስቀድሜ ሌላውን እያስከተልኩ። ለመውጣት ምንም አይለኝም። ለመውረድ ሲሆን ግን ከጉልበቴ በላይ ያለው ስጋ በሙቀጫ የተወቀጠ ነው የሚመስለው። እሑድ የሐረጎን ቁልቁለት ከደሴ ኮምቦልቻ በሩጫ ወርጄ ነው። ሰኞ ደህና ነኝ ብዬ ሥራ ገብቼ ነበር። ዛሬ ነው የያዘኝ።

መሮጥ ከጀመርኩ ስድስት ዓመት ሆነኝ። በነዚህ ዓመታት ሁሉ የምፎክረው በዳገት ነበር። ደሴ ውስጥ ሮጬ አደግኩ የሚል ሰው ሌላ ምን ይላል? ከበራችን ስንወጣ ወይ አቀበት ነው ወይ ቁልቁለት። ወደ ጦሳ ተራራ የሚያወጣውን መንገድ መጀመሪያ የሞከርኩት ቀን መንገዱን ሳላጋምስ እጄን ጉልበቴ ላይ አድርጌ ቆሜያለሁ። ከተማው ከባህር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ እዚህ ከፍታ ላይ የአየሩ ግፊት ባህር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛው ያህል ቢሆን ነው። ተወልጄ ያደግኩበት አየር ቢሆንም ዳገት ሲጨመርበት ልቤ ጆሮዬ ውስጥ ትመታለች። ወር በወር ግን እየለመድኩት ሄድኩ። በፊት ቆሜበት የነበረውን ድንጋይ ሳልቆም ማለፍ፣ ከዚያ የሚቀጥለውን፣ ከዚያ ጉም ውስጥ ገብቶ ከተማውን ከእግር በታች ማጣት። ክረምት ላይ ጦሳ ራሱ አይታይም፤ እግሬ ሥር ያለውን ጠጠርና የላም እዳሪ ብቻ እያየሁ ነው የምወጣው። የጠዋት አዛንና የቤተ ክርስቲያን ቅዳሴ ከታች ተቀላቅለው ሲመጡ የት እንደደረስኩ በድምፁ እገምታለሁ።

ሜዳ ሲያምረኝ ቦሩ ሜዳ እሄዳለሁ። ወሎ ውስጥ ሜዳ ውድ ነገር ነው። በ1870 ዓ.ም. አጤ ዮሐንስና ምኒልክ የተገኙበት ትልቁ የሃይማኖት ጉባኤ እዚያ የተደረገው፣ ያን ሁሉ ሰራዊትና ድንኳን የሚያስተናግድ ሌላ ሜዳ በአካባቢው ስላልነበረ ይመስለኛል። ለእኔ ደግሞ ሰዓት ይዤ ፍጥነት የምሠራበት ነው። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ሣሩ ውርጭ ለብሶ ያድራል፣ ሲረግጡት ይንኮሻኮሻል። በልግ ወይም ክረምት ከሆነ ግን ጥቁሩ አፈር ጫማ ላይ ይጋገራል፤ መቶ እርምጃ ሳይሞላ እግር ይከብዳል። ውሾቹም አሉ። ጎንበስ ብዬ ድንጋይ ያነሳሁ ሳስመስል አብዛኞቹ ይመለሳሉ። የማይመለሱ ሲያጋጥሙኝ ሩጫውን አቁሜ፣ ጀርባዬን ሳልሰጥ፣ ባለቤቱን እጣራለሁ።

አልፎ አልፎ ቅዳሜ በሚኒባስ ሐይቅ እወርድና በውሃው ዳር እሮጣለሁ። እዚያ አየሩ ለስለስ ይላል፣ መንገዱም ያሳርፋል። እስጢፋኖስ ገዳም ሴት ስለማይገባ ከመግቢያው ወዲህ እሳለማለሁና እዞራለሁ። ከዚያ ቆሮሶ ዓሣ ጠብሰው ያቀርቡልኛል። ስለሐይቅ ሌላ ጊዜ በደንብ እጽፋለሁ።

ሐረጎን ግን ሁሌ በመኪና ነበር የማልፈው። ቁልቁለት ሩጫ አይደለም፣ መሬቱ ራሱ ያወርድሻል የሚል ሐሳብ ነበረኝ። ስድስት ዓመት ሙሉ ይህን አምኜ መኖሬ አሁን ይቆጨኛል።

እሑድ ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ኮፍያና ጃኬት ለብሼ ወጣሁ። መንገዱ ሰላም መሆኑን ቅዳሜ ማታ ሾፌሮቹን ጠይቄያለሁ፤ ይህን ሳልጠይቅ ከከተማ አልወጣም። ዶሮ መዝለያ ጋ ስደርስ ገና ድንግዝግዝ ነው። የቦርከና ወንዝ በዚያ ጠባብ ገደል ውስጥ ድንጋይ ለድንጋይ እየተላጋ ይወርዳል። እኔም አብሬው ወደ ኮምቦልቻ፣ እሱ ደግሞ አልፎ ወደ ጨፋ።

ይህ አገር የተሠራው እንደ ደረጃ ነው። የምሥራቁ ምድር ወደ አፋር እየተሰነጠቀ ሲሰምጥ ተራራው እርከን እርከን ሆኖ ቀረ፤ ደሴ አንዱ እርከን ላይ፣ ኮምቦልቻ ከ600 ሜትር በላይ ዝቅ ብላ ሌላው ላይ፣ ከዚያ ባቲ፣ ከዚያ በረሃው። በመኪና መስኮት ይህ አይታወቅም። በእግር ሲሆን ሰውነት ይቆጥረዋል። ላይኛው ላይ ገብስና ባቄላ ነው፤ ብርዱ ጣት ያደነዝዛል። ወደታች ስል ጤፉ፣ ቁልቋሉ፣ ከዚያ ማሽላው መጣ። ጃኬቴን አውልቄ ወገቤ ላይ ሳስር ማማ ላይ የቆመ ልጅ ወንጭፉን እያዞረ ወፍ ይከላከላል። «ማንን ነው የምትሸሺው?» ብሎ ጮኸብኝ። በአንድ ጠዋት፣ ወደ 25 ኪሎ ሜትር በማይሞላ መንገድ፣ ደጋውን ጨርሼ ቆላው ደጃፍ ደረስኩ።

ጥምዝምዙ ላይ የአስፋልቱን ግራ ጠርዝ ይዤ ነበር፣ የሚመጣውን መኪና ፊት ለፊት ለማየት። ጭነት የያዙ ሲኖትራኮች በዝቅተኛ ማርሽ እያቃሰቱ ሲወርዱ የተቃጠለ የፍሬን ሽታ ትተው ያልፋሉ። ሽታው አፍንጫዬ ውስጥ እያለ እኔም የማደርገው ያንኑ መሆኑን አላስተዋልኩም። ወደ ኋላ ተለጥጬ፣ ተረከዜን እየተከልኩ፣ በየእርምጃው ራሴን አቆማለሁ። ልቤ አልደከመም፣ ትንፋሼ ሰላም ነው። ጭኖቼ ግን መንቀጥቀጥ ጀመሩ።

ሁለት በግ የሚነዱ አንድ አባት ነበሩ። መጀመሪያ ሳልፋቸው «እንደምን አደሩ አባባ» ብዬ አለፍኩ። ከሁለት ኩርባ በኋላ ከፊቴ አገኘኋቸው። እኔ አስፋልቱን ስዞር እሳቸው በአቋራጩ ይወርዳሉ። ደግሜ አለፍኳቸው፤ ደግመው ቀደሙኝ። በሦስተኛው ጊዜ ዘንጋቸውን ተደግፈው ጠበቁኝ።

«አብሽሪ ልጄ» አሉኝ። «ምነው ከመሬቱ ጋር ትጣያለሽ? ተረከዝሽን አትትከይ። ጉልበትሽን ላላ፣ እርምጃሽን አጠር አድርጊ።» ከዚያ አሳዩኝ። በጎማ ጫማ፣ ያንን ጠጠር፣ ጠብ ጠብ እያሉ ወረዱ። ጠጠሩ ከእግራቸው ሥር እንኳ አይንከባለልም። ከኋላቸው እንደሳቸው እየረገጥኩ ትንሽ ወረድኩ። ለካ መንገዱ እንዲህ ቀላል ነበር። ግን አሥራ አምስት ኪሎ ሜትር ያህል ዘግይቼ ነው የተማርኩት፤ ጭኔ የሚከፍለውን ከፍሎ ነበር።

ስለዚህ ሕመም ቀደም ሲል አንብቤያለሁ። ዳገት ስንወጣ ጡንቻው እያጠረ ይሠራል። ስንወርድ ግን የጭን ፊት ጡንቻ ሰውነታችንን ለመያዝ እየጎተተ ሳለ እሱ ራሱ ይለጠጣል፤ ጭረት የሚፈጠርበት ያኔ ነው። ሕመሙም በዕለቱ አይመጣም፤ በማግስቱ ይጀምርና በሁለተኛው ሦስተኛው ቀን ይብሳል። ደስ የሚለው፣ አንዴ የተጎዳ ጡንቻ ለሚቀጥሉት ሳምንታት ያን ያህል አይጎዳም፤ ይማራል። ስለዚህ በሚመጣው ወር ደግሜ እወርዳለሁ፤ በዚህ ጊዜ ግማሹን ብቻ፣ በአጭር እርምጃ። ጦሳንም ስወርድ እንደ እረፍት መቁጠሬን እተዋለሁ።

ማታ ከሥራ ስገባ እማዬ መቀመጫዬን ሳልይዝ አየችኝ። እማዬ የገራዶ ልጅ ናት። በልጅነቷ ሰኞ ሰኞ እህል ተሸክማ ዳገቱን ወጥታ ደሴ ገበያ ትውል፣ ጨውና ሳሙና ገዝታ ማታውኑ ትወርድ ነበር። አሁን ሁለቱም ጉልበቷ አይታጠፍም፤ የምትሰግደው ወንበር ላይ ሆና ነው። ያንን መንገድ ስታነሳ ሁልጊዜ «ቁልቁለቱ ነው የበላኝ» ትላለች። እኔ ደግሞ በሆዴ፣ ተሳስታ ነው፣ ሸክም ይዞ መውጣቱ ነው የጎዳት፣ እል ነበር። ሩጫ የማውቀው እኔ ነኝ ብዬ አንድ ቀን እንዲያውም ላርማት ሞክሬያለሁ።

ቅቤ አቅልጣ አጠገቤ ተቀመጠች። የት ጋ እንዳመመኝ አልጠየቀችኝም። «በየት ወረድሽ?» ብቻ ነው ያለችኝ።

«በሐረጎ።»

አውራ ጣቷን ከጉልበቴ አራት ጣት ከፍ አድርጋ፣ ወደ ውስጥ በኩል፣ ልክ እዚያው ላይ አሳረፈችው። ጮህኩ።

«አዎ» አለች፣ «እዚህ ጋ ነው» ብላ ማሸት ጀመረች።