ጥይት የሚባርቀው ፈረቃ ሲቀየር ነው

ሥራዬ ሕንፃ ማስተዳደር ነው። ሰንጋ ተራ አካባቢ፣ ከሥር ባንክ ከላይ ቢሮዎች ያሉበት ሕንፃ። ሊፍት ሲቆም የሚደወለው ለኔ ነው። ውኃ ሲጠፋም እንደዚያው። የጥበቃ ሠራተኞቹም ከነመሣሪያቸው በኔ ሥር ናቸው። እኔ ግን ወታደር ቤት አላየሁም፣ ጠመንጃ የሚይዝ ዘመድም የለኝም። መሣሪያው ለኔ እንደ ማንኛውም የቢሮ ንብረት ነበር። ቁጥሩ መዝገብ ላይ አለ፣ ፈቃዱ ፋይል ውስጥ አለ፣ አለቀ።

ነገሩን የያዝኩት ከኛ ብዙም በማይርቅ ግቢ ክላሽ ከባረቀ በኋላ ነው። ሰው አልተጎዳም፣ ተመስገን። ጥይቱ የጥበቃ ቤቷን ቆርቆሮ በስቶ ሄደ። ሌባ አልመጣ፣ ጠብ አልተነሳ። ጠዋት የሌሊቱ ተረኛ ለቀኑ ተረኛ ሲያስረክብ ነው የሆነው።

የኛዎቹን ሰብስቤ ሻይ ጋበዝኩና ጠየቅኳቸው። «ሲባርቅ አይታችሁ ታውቃላችሁ?» መጀመሪያ ዝም አሉ። ከዚያ አንዱ ጀመረ፣ ሌላው ቀጠለ፣ ማቆሚያ ጠፋ። አንዱ ካምፕ ውስጥ መሣሪያ ሲወለወል ያየውን አወራ። ሌላው አገር ቤት ሠርግ ላይ የሆነውን። ከመኪና ሲወርድ የባረቀበትም ነበረ። «እስቲ ልየው» ብሎ ከጓደኛው እጅ የተቀበለም አለ። ሁሉንም ደብተሬ ላይ ጻፍኩት። ማታ ሳነበው ነው የገረመኝ። ኢላማ ላይ እየተኮሰ የባረቀበት ሰው የለም። ሁሉም ሲቀበሉ፣ ሲሰጡ፣ ሲያጸዱ፣ ሲያሳዩ የሆነ ነው። እነዚህን ሰዎች ተኩስ ማስተማር የኔ ሥራ አይደለም፤ ከኔ በላይ ያውቁታል። የኔ ድርሻ መሣሪያ የሚነካካበትን ጊዜ መቀነስ፣ የሚነካካበትን ቦታም አንድ ማድረግ ነበር።

አስተማሪ ፍለጋ ሩቅ አልሄድኩም። የጥበቃዎቹ ኃላፊ ጡረታ የወጡ አስር አለቃ ናቸው።

«አስር አለቃ፣ እስቲ ምንም እንደማያውቅ ምልምል ይቁጠሩኝ» አልኳቸው።

«አለማወቅሽ ነው የሚጠቅምሽ ልጄ» አሉኝ። «እጁ የሚፈጥነው አውቃለሁ ባይ ነው።»

ያስተማሩኝ የመጀመሪያ ነገር ስለ ሴፍቲ፣ ስለ ተኩስ ማገጃው ነው። መሣሪያን ሰላማዊ የሚያደርገው እሱ ይመስለኝ ነበር። ክላሽ በቀኝ ጎኑ ረጅም ማገጃ አለችው። ወደ ላይ ስትሆን ምላጩ ይታገዳል፣ ጥይት የሚያጎርሰው ማቀባበያም እስከ መጨረሻው አይሳብም። ስለዚህ የጎረሰ፣ ማለትም ለመተኮስ የገባ ጥይት ካለ አውጥቶ ባዶ ለማድረግ የግድ ማገጃዋን ማውረድ አለብህ። ያም ማለት ባዶ መሆኑን የምታረጋግጥበት ሰዓት ራሱ ሊተኮስ የሚችልበት ሰዓት ነው። ይባስ ብሎ ማገጃዋ ስትወርድ መጀመሪያ የምታገኘው ተከታታይ ተኩስን ነው። ነጠላው ከእሱ በታች ነው። የተጣደፈ ሰው መሐል ላይ ቢያቆማት ምን እንደሚመጣ አስቡት። የማካሮቭ ሽጉጥም ጠባዩ ያው ነው። ማገጃዋ ላይ ከሆነች የላዩ ብረት አይንቀሳቀስም። ለማጣራት ስታወርዳት ቀይ ነጥብ ብቅ ትላለች። ቀይ ካየህ ለመተኮስ ዝግጁ ነው።

እንግዲህ በዚያች ሰዓት ሰው የሚያተርፈው የአፈሙዙ አቅጣጫና የጣት ቦታ ነው። ጄፍ ኩፐር የሚባል የአሜሪካ ማሪን መኮንን የነበረ ሰው ያስፋፋቸው አራት ደንቦች አሉ፤ ተኳሾች በየአገሩ ይጠቅሷቸዋል። መሣሪያ ሁሉ እንደጎረሰ ይቆጠር። ልታጠፋው በማትፈልገው ነገር ላይ አፈሙዝ አታዙር። ኢላማህ ላይ ሳታነጣጥር ጣትህ ምላጭ አይንካ። ኢላማህንና ከኋላው ያለውን እወቅ። ለአስር አለቃ ሳነብላቸው ሳቁ። «ይሄን እኮ እኛን በአርጩሜ ነው ያስተማሩን።»

አራተኛው ግን ሰንጋ ተራ ላይ ያስቸግራል። ከኋላ ያለው ምንድነው? ዙሪያውን መስታወት፣ ከመስታወቱ ጀርባ ሰው። የክላሽ ጥይት በሰከንድ ከ700 ሜትር በላይ ይበራል። ብሎኬት አያስቆመውም። ኮንክሪትና እብነ በረድ ደግሞ አንጥረው ይመልሱታል። ልጆቹ መሣሪያ የሚያጸዱት ምድር ቤት ፓርኪንግ ውስጥ ነበር፣ «ሰው አይበዛበትም» ብለው። ከዚያ የባሰ ቦታ አልነበረንም፤ ወለሉም ጣሪያውም ግድግዳውም ኮንክሪት ነው። «አፈሙዙን ወደ ሰማይ ማዞር ነዋ» ያለም ነበር። የወጣው መውረዱ አይቀርም። ለገሃር ይውረድ ሜክሲኮ፣ ማን ያውቃል?

መፍትሔው አሸዋ ነው፤ የባረቀ ጥይት ውጦ ያስቀራል። ከአስር አለቃ ጋር መርካቶ፣ ምናለሽ ተራ ወረድንና 200 ሊትር የሚይዝ በርሜል ገዛን። የምግብ ዘይት የነበረበትን መረጥን። ነዳጅ የነበረበት በርሜል በደንብ ሳይታጠብ በግራይንደር ቢቆረጥ ራሱ ሊፈነዳ ይችላል፤ ከጥይት ሸሽተን እዚያ ልናልቅ ነበር። ብረት ቤት ወስደን መቆሚያ አስበየድንለት። አርባ አምስት ዲግሪ ያህል ያጋድላል። አፉ ላይ ከአሮጌ ጎማ የተቆረጠ ክዳን አለ፣ መሐሉ አፈሙዝ በሚያስገባ ልክ የተቀደደ። ውስጡ በወንፊት የተነፋ አሸዋ ነው። ጠጠር ካለበት ጥይትም ፍንጣሪም ይመልሳል። አፈሙዙ ቀዳዳው ውስጥ ይገባል እንጂ አሸዋው ውስጥ አይሰካም። የተደፈነ አፈሙዝ ሲተኮስ መሣሪያውን ያፈነዳዋል። በርሜሉን ጓሮ፣ መስኮት በሌለው ግድግዳ በኩል አቆምነው። ከዚያ በኋላ መሣሪያ የሚፈታውም፣ የሚጎርሰውም፣ የሚጣራውም እዚያ ብቻ ሆነ።

ቅደም ተከተሉ ላይ ነው ብዙ የለፋነው። ባረቀ ከሚባለው አብዛኛው የሚመጣው ከዚህ ነው። ሰውዬው ካዝናውን፣ የጥይት መያዣውን ሳይነቅል ማቀባበያውን ይስባል። የጎረሰችው ጥይት ዘልላ ትወጣለች። ስትወጣ አይቷታልና ልቡ ያርፋል። ማቀባበያው ሲመለስ ግን ከካዝናው ሌላ ጥይት ይዞ ይገባል። ከዚያ ካዝናውን ይነቅላል። ካዝና የሌለው መሣሪያ ለዓይን ባዶ ነው። ምላጩን ሳብ ያደርጋል። ያውላችሁ።

ስለዚህ መጀመሪያ ካዝና ይነቀላል። ማገጃ የሚወርደው፣ ማቀባበያ የሚሳበው ከዚያ በኋላ ነው። ክላሽ ማቀባበያውን ስትለቀው ራሱ ይዘጋል፤ ተከፍቶ አይጠብቅህም። በዚህ ምክንያት አንዱ ስቦ ይይዛል፣ ሌላው ከጎን አጎንብሶ ያያል። መብራት ከጠፋ በእጅ ባትሪ። የሚያየው ሰው «ባዶ» ብሎ ጮክ ብሎ ይናገራል። መጀመሪያ አካባቢ ይሄ ያሳፍራቸው ነበር፣ ትልልቅ ሰዎች እንደ ተማሪ «ባዶ!» ሲሉ። አሁን ሳይሉ መፈራረም አይችሉም።

ትልቁ ክርክር የተነሳው ሌላ ቦታ ነው። መሣሪያ ጥይት ጎርሶ ይደር ወይስ አይጎርስ? አንዱ የሌሊት ተረኛ አምርሮ ተከራከረ። «ሌባ ሲመጣ እስካቀባብል ይጠብቀኛል?» አስር አለቃ ቀስ ብለው መለሱለት። «ለማቀባበል አንድ ሰከንድ ነው የሚፈጅብህ። ሌባው መቼ እንደሚመጣ አላውቅም። የሒሳብ ክፍሏ ልጅ ግን በየቀኑ በአፈሙዝህ ፊት ታልፋለች።» እኔ የሳቸውን ወገን ይዤ ወሰንኩ፤ ካዝና ተሰክቶ፣ ሳይጎርስ። ልጁ እስካሁን አልተዋጠለትም። ቢሆንም ያደርገዋል።

በጣም የከበደኝ ግን የማይታየው ልማድ ነው። እንቅልፍ ሲመጣ አፈሙዙ ላይ አገጭ ማስደገፍ። ሰደፉን የጫማ ጫፍ ላይ አቁሞ ሁለት እጅን አፈሙዝ ላይ ደርቦ ወሬ መጠረቅ። በየባንኩ በር ታዩታላችሁ። ስብሰባም ማስጠንቀቂያም አልሠራልኝም። የሠራው ትከሻ ላይ በአግባቡ የሚውል ማንገቻ ገዝቶ መስጠትና ለሌሊቱ ተረኛ ወንበር ማስገባት ነበር። ሰው የሚደገፍበት ካገኘ በጠመንጃ አይደገፍም።

ከጥበቃዎቹ በላይ ያስቸገሩኝ ሽጉጥ ይዘው የሚመጡ ባለጉዳዮችና አጃቢዎች ናቸው። ሕንፃው ውስጥ መሣሪያ ይዞ መግባት ክልክል ነው፤ በሩ ላይ ያስቀምጣሉ። ድሮ የነበረው አሠራር ለኔ አስፈሪ ነው። ባለቤቱ ሰው በሚተላለፍበት በር ላይ ቆሞ ካዝና ይነቅላል፣ ያቀባብላል፣ ለጥበቃው ይሰጣል፣ ጥበቃው ደግሞ ልይልህ ብሎ እንደገና ያገላብጠዋል። ለአንድ ሽጉጥ ይሄ ሁሉ መነካካት! አሁን ሽጉጡ ከማህደሩ አይወጣም። ባለቤቱ ከነማህደሩ ቁልፍ ያላት የብረት ሳጥን ውስጥ ራሱ ያስገባል፣ ቁልፉን ራሱ ኪሱ ይከታል። ጥበቃው አይነካም። ማህደር የሌለውና ወገቡ ላይ የሻጠ ከሆነ ወደ በርሜሉ ይመራል። አንዳንዱ ይቆጣል። «እኔን ነው ሽጉጥ የምታስተምሪኝ? ስንት ዓመት ይዤዋለሁ መሰለሽ?» ይለኛል። «ጌታዬ፣ ለርስዎ አይደለም፣ ለሕንፃው ነው» እላለሁ። ብዙ ጊዜ ይሠራል። የማይሠራበት ቀን ስብሰባው በር ላይ ካለችው ካፌ ይደረጋል።

በርሜሉ አንዴ ደመወዙን በልቷል። አዲስ ልጅ ነው፣ ምሽት ላይ፣ ርክክብ። ተቻኩሎ ማቀባበያውን አስቀደመ። ሊያይለት የሚገባው ባልደረባው መዝገብ ላይ አጎንብሶ እየፈረመ ነበር። ድምፁ ግቢውን አናወጠው፤ ተኩስ ከ140 ዴሲቤል በላይ ነው፣ ጆሮዬ ሲጮህ አመሸ። ጥይቱ አሸዋው ውስጥ ቀረ። ለፖሊስ አሳወቅን፣ ቃል ተሰጠ። ከላይ «ይባረር» የሚል መጣ። እምቢ አልኩ። ይሄን ካባረርን ቀጣዩ ሲባርቅበት ቀለሃውን ለቅሞ ዝም ይላል፤ እኔ ደግሞ ማወቅ ነው የምፈልገው። የተቀየረው መዝገቡ ነው። አሁን እስክሪብቶው የሚነሳው መሣሪያው ተጣርቶ ካበቃ በኋላ ነው።

ሕጉንም ግድግዳ ላይ ለጠፍኩት። አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ስለ መሣሪያ ፈቃድና ቁጥጥር ነው፤ እሱን ሁሉም ሰምቷል። ፊታቸውን የቀየረው የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 543 ነው። በቸልተኝነት ሰው መግደልን ይመለከታል። የሌላውን ሕይወትና ደኅንነት የመጠበቅ ግዴታ ያለበት ሰው ከፈጸመው ከአንድ እስከ አምስት ዓመት እስራት አለው። «ባረቀብኝ» ማለት ከዚህ እንደማያድን ከኔ ይልቅ ወረቀቱ አስረዳቸው።

በርሜል ለማሠራት ለምታስቡ፣ ከበላዩ ቆርቆሮ ሳናደርግ ክረምት ገብቶብን ነበር። አሸዋው ውኃ ጠጥቶ ድርቅ ያለ ጓል ሆነ፤ አፍሶ ማድረቅ፣ እንደገና መንፋት ግድ ሆነ። ከሰኔ በፊት ጣሪያ አድርጉለት። ከሥሩም ውኃ መውጫ ቀዳዳ አስበሱለት፣ ግን ጠባብ ይሁን፤ አለበለዚያ አሸዋው ቀስ በቀስ ይፈስና ጥልቀቱ ይቀንሳል። አስር አለቃ በየሰኞው እንጨት ሰደው ይለካሉ።