ለመጀመሪያ ጊዜ ለጀማሪ ተመራማሪነት ሳመለክት

በዕፅዋት ሳይንስ ተመርቄ ለመንግሥት የግብርና ምርምር ላመለክት ስነሳ ሁሉም ሰው «ዘመድ አለህ ወይ?» ይለኝ ነበር። አልነበረኝም፤ ስለዚህ በእጄ ባለው ላይ ሠራሁ።

መጀመሪያ ማስታወቂያውን ቃል በቃል አነበብኩ። የተጠየቀው የትምህርት መስክ «ሰብል ሳይንስ፣ አግሮኖሚ» ከሆነና ዲግሪያችሁ «ዕፅዋት ሳይንስ» ካለ፣ ሁለቱ ይቀራረባሉ ብሎ የሚከራከርላችሁ መዝጋቢ የለም። እኔ የወሰድኳቸውን ኮርሶች የሚዘረዝር ደብዳቤ ከትምህርት ክፍሉ አጽፌ፣ ማኅተም አስመትቼ፣ ከዋናውና ከፎቶ ኮፒው ጋር ይዤ ሄድኩ። መዝጋቢዋ ከዲግሪው ይልቅ ደብዳቤውን ነው ደጋግማ ያየችው።

ለጽሑፍ ፈተናው ያጠናሁት ስታትስቲክስ ነው፤ በጣምም ጠቅሞኛል። ስምንት ዝርያ በሦስት ድግግሞሽ በብሎክ (ሁሉንም ዝርያ አንድ አንድ ጊዜ በሚይዝ የማሳ ክፍል) ቢዘራ የስህተቱ ዲግሪ ኦፍ ፍሪደም (ስህተቱን ለመገመት የሚቀረው ነፃ መረጃ ብዛት) ስንት ነው? (8−1) × (3−1) = 14። ማሳው ተዳፋት ቢሆንስ? እያንዳንዱ ብሎክ ተዳፋቱን አቋርጦ፣ በአንድ ከፍታ ላይ ይዘረጋል፤ የአፈሩ ልዩነት በብሎኮች መካከል እንጂ በአንዱ ብሎክ ውስጥ መውደቅ የለበትም። ይህን በቃል ከመሸምደድ ይልቅ ወረቀት ላይ ማሳ እየሣሉ መለማመድ ይሻላል።

ቃለ መጠይቁ ሌላ ነው። ያመለከትኩት በስንዴ ለሚታወቀው የቁሉምሳ የግብርና ምርምር ማዕከል ስለነበር የስንዴን ታሪክ አንብቤ ነበር። «ኩብሳ ለምን ወደቀ?» አሉኝ። በሰፊው ይዘራ የነበረው የስንዴ ዝርያ ኩብሳ እ.ኤ.አ. በ2010 በቢጫ ዋግ (ስንዴን በሚያጠቃ የፈንገስ በሽታ) የተመታው፣ የሚከላከልለትን ዘረመል የሚያልፍ የዋግ ዓይነት ስለተስፋፋ መሆኑን አስረዳሁ። ከዚያ ሳልጠየቅ ዲገሉ የተባለውን ሌላ የስንዴ ዝርያ ጨመርኩ፦ ቢጫ ዋግን ይቋቋማል ተብሎ ቦታውን ሲይዝ፣ እ.ኤ.አ. በ2013 እና 2014 ባሌ አካባቢ በሌላው የዋግ በሽታ፣ በግንድ ዋግ ተመታ። እስከዚያ ድረስ አቀርቅረው ይጽፉ የነበሩት አዛውንት ተመራማሪ ቀና ብለው «ታዲያ አንተ ብትሆን ምን ትዘራለህ?» አሉኝ። አንድ ዝርያ ብቻ እዘራለሁ አላልኩም። ከዚያ በኋላ የነበረው ፈተና ሳይሆን ጨዋታ ነበር ማለት ይቻላል።

ውጤቱ ሲለጠፍ ስሜ ከተጠባባቂዎች ሰፈረ። ተጠባባቂ መሆንን እንደ መውደቅ የሚቆጥሩ ብዙ ናቸው፤ ነገር ግን ካለፉት አንዱ ሌላ ሥራ አግኝቶ ሲቀር የሚደወለው ለተጠባባቂ ነው። ቅጹ ላይ የሞላችሁትን ስልክ ቁጥር አትቀይሩ። እኔን የጠሩኝ በዚያው ቁጥር ነው።