የኮርማ ስፐርም ፓምፕ ልኬት፦ ሽፋኑን መክፈት ላይ ያለው ጣጣ

በኮርማ ስፐርም ላይ የሶዲየም ፖታሲየም ፓምፕን ሥራ ለመለካት የሚነሳ ሰው አስቀድሞ ሊነገረው የሚገባ ነገር አለ፦ ሽፋኑ ያልተጎዳ ስፐርም ለዚህ ልኬት ዝግ ነው። የሠራሁበት መመሪያ ይህን አንድም ቦታ አይጽፍም፤ እስካሁን ያናድደኛል።

ፓምፑ አንድ ኤቲፒ (የህዋስ ኃይል ተሸካሚ ሞለኪውል) በሰበረ ቁጥር 3 ሶዲየም አስወጥቶ 2 ፖታሲየም ያስገባል። የለካሁት ከኤቲፒው የሚለቀቀውን ፎስፌት ነው። አንዱ ቱቦ ዋባይን (ይህን ፓምፕ የሚያግድ መርዝ) አለበት፣ ሌላው የለበትም፤ ልዩነታቸው የፓምፑ ድርሻ ነው።

ዝግጅቱ ቀላል ነው። ትኩስ የዘር ፈሳሽ በ45 እና በ90 በመቶ ፐርኮል (ህዋሳትን በጥግግታቸው የሚለይ ፈሳሽ) ላይ አሳልፌ፣ በ250 ሚሊሞላር ሱክሮስና በ10 ሚሊሞላር ትሪስ አጠብኩት። ፎስፌት ያለበት ማጠቢያ አይነካ። በሚሊሞላር ድብልቁ ሶዲየም ክሎራይድ 100፣ ፖታሲየም ክሎራይድ 20፣ ማግኒዥየም ክሎራይድ 5፣ ትሪስ 50፣ ኢጂቲኤ 1፣ ኤቲፒ 3፤ ፒኤች 7.4፣ ሙቀቱ 37 ዲግሪ። የማይቶኮንድሪያው ኤቲፒኤዝ (ኤቲፒ ሰባሪ ኢንዛይም) እንዳይቀላቀል ሶዲየም አዛይድ 5 ሚሊሞላር ጨመርኩ። አዛይድ ከአሲድ ጋር መርዛማ ጋዝ ስለሚያወጣ አሲድ የሚጨመረው ፊውም ሁድ (ጋዝ ስቦ የሚያስወጣ ሳጥን) ውስጥ ነው።

አሁን ወደ ጣጣው። ኤቲፒ ፓምፑን የሚይዘው ከህዋሱ ውስጥ፣ ዋባይን ግን ከውጭ በኩል ነው። መመሪያው «ህዋሱን በጥብጠህ ኤቲፒ ጨምር» ይላል፤ ጤነኛ ሽፋን ግን ኤቲፒ አያስገባም። እንዲያም ሆኖ ትንሽ ቁጥር መውጣቱ ነው አደገኛው። ያ ቁጥር ከሞቱት ህዋሳት የመጣ ነው። ቀዝቅዞ የቀለጠ የዘር ፈሳሽ የተቀደደ ሽፋን ስለሚበዛበት ከትኩሱ የበለጠ ያሳያል፣ አንባቢውም ማቀዝቀዝ ፓምፑን ያነቃቃ ይመስለዋል። የተለካው ግን የሞቱት ብዛት ነው።

ለመክፈት መመሪያው ሳፖኒን ያዛል። እኔ አልመክርም። ሳፖኒን ሽፋኑን የሚበሳው ኮሌስትሮል ላይ ተጣብቆ ነው፤ ካፓሲቴሽን (ስፐርም እንቁላል ለማዳቀል የሚያበቃው ለውጥ) ደግሞ ኮሌስትሮልን ከሽፋኑ ያወጣል። ካፓሲቴሽን ያለፈና ያላለፈ ስፐርም ሲነጻጸሩ እኩል ስለማይከፈቱ፣ የመክፈቻው ልዩነት የፓምፑ መስሎ ይነበባል።

ዲኦክሲኮሌት ወደተባለ ዲተርጀንት (ቅባት የሚያሟሟ ንጥረ ነገር) ዞሬ ከ0 እስከ 1 ሚሊግራም በሚሊሊትር፣ በ0.1 እየጨመርኩ ደረደርኩት። የሁለቱ ቱቦዎች ልዩነት ይወጣል፣ ጫፍ ይደርሳል፣ ከዚያ ይወርዳል፤ የሚወርደው ዲተርጀንቱ ፓምፑን የከበበውን ቅባት ሲያራግፍ ነው። ጫፉን የሚወስነው ዲተርጀንቱ ከፕሮቲኑ ጋር ያለው ጥምርታ ነው፤ የስፐርሙ ብዛት እጥፍ ሲሆን ጫፉም ቦታውን ይለቃል። ስለዚህ ለትኩሱ፣ ለቀለጠውና ካፓሲቴሽን ላለፈው ኩርባው ለየብቻ ይሠራ። ለሁሉም አንድ ቁጥር ሰጥቶ ማለፍ ሰውን ማሳሳት ነው። ህዋሱ ሁሉ በፕሮፒዲየም አዮዳይድ (ሽፋኑ የተከፈተ ህዋስ ውስጥ የሚገባ ቀለም) መቅላቱም አይበቃም፤ የተበጣጠሰ ሽፋን ትናንሽ ከረጢት ሆኖ መልሶ ሊዘጋ ይችላል፣ ዲኤንኤ የሚያቀልመው ይህ ቀለም ደግሞ አያሳየውም።

ዋባይን በዝግታ ይይዛል፣ ፖታሲየምም ይቃወመዋል። 1 ሚሊሞላር ዋባይን ማግኒዥየም ባለበት፣ ፖታሲየም በሌለበት በ37 ዲግሪ 30 ደቂቃ ካቆየሁ በኋላ ነው ፖታሲየሙንና ኤቲፒውን የጨመርኩት። ዋባይን የልብን ፓምፕም የሚያግድ መርዝ ስለሆነ ያለ ጓንት አይነካ።

ቫናዴት በዋባይን ፋንታ ይበቃል የሚል ምክር ካጋጠማችሁ አትቀበሉ። ቫናዴት የካልሲየሙን ፓምፕም፣ ጅራቱን የሚያንቀሳቅሰውን ዳይኒንም አብሮ ያግዳል። ኤቲፒ ሲገዛም ቫናዴት የሌለበት መሆኑ ይረጋገጥ፤ ከፈረስ ጡንቻ የሚወጣው ይህ ችግር እንዳለበት ይታወቃል።

ፎስፌቱን ሞሊብዴት ከሱ ጋር በሚሰጠው ሰማያዊ ቀለም ለምታነቡ፦ የሪኤጀንቱ አሲድ የቀረውን ኤቲፒ መስበሩን ስለማያቆም ሰማያዊው እየደመቀ ይሄዳል። እያንዳንዱ ቱቦ ሪኤጀንቱ ከገባበት ጊዜ እኩል ደቂቃ ቆጥራችሁ አንብቡት፤ ስፐርም የሌለበት ባዶ ቱቦም በዚያው ሰዓት አብሮ ይነበብ።