ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተኩል፣ ቮልሽቲን

ባቡር አፍቃሪ አይደለሁም። ድሬዳዋ ያደገ ሰው ባቡር አያፈቅርም፤ ይሰለፍለታል፣ ይሰድበዋል፣ ሻንጣውን በመስኮት ያስገባበታል። በፈረንጆቹ ፌብሩዋሪ 2014 ከበርሊን ተነስቼ ምዕራብ ፖላንድ የሄድኩት አንድ ጀርመናዊ የሥራ ባልደረባዬ ስለጨቀጨቀኝ ብቻ ነው። "ከማርች በኋላ አታገኘውም" እያለ ወሩን ሙሉ አላስተኛኝም።

የሚያወራው ቮልሽቲን ከምትባል ትንሽ ከተማ ተነስቶ ፖዝናን ስለሚገባ የእንፋሎት ባቡር ነው። እንግሊዝ በዋና መስመሮቿ ላይ እንፋሎትን በ1968 ተሰናብታለች፤ ምዕራብ ጀርመን በ1977። ቱሪስት የሚጭኑ በጠባብ ሐዲድ የሚሄዱ ባቡሮች ዛሬም ሞልተዋል። በመደበኛው ሐዲድ፣ በመደበኛ ሰዓት፣ ተማሪና ሠራተኛ ጭኖ የሚሄድ ግን አውሮፓ ውስጥ የቀረው ይሄ ነበር። ወጪውን ማን ይሸፍን በሚል ንትርክ እውነትም ማርች 31 ላይ ቆመ። በ2017 ወደ ሌሽኖ ከተማ በሚሄደው መስመር ተመልሶ መጀመሩን ስሰማ ባልደረባዬ ላይ ተናደድኩ። ሰኔ መጥቼ ማየት ስችል በዚያ ብርድ ጎትቶኛል።

ከበርሊን ፖዝናን፣ ከፖዝናን ቮልሽቲን፣ የሚወራ ነገር የለም፤ በረዶና ሜዳ ነው። ቮልሽቲን ስንደርስ ታክሲ ያዝን። 40 ዝሎቲ ተቀበለን። ማታ በእግር ስንመለስበት መንገዱ አሥር ደቂቃ አይፈጅም። እንግዳ ማረፊያው ደግሞ ባሰ። ሰውየው ለአልጋው 120 ዝሎቲ ካስከፈለን በኋላ "ለማሞቂያ" ብሎ 30 ጨመረ። ሌሊት ማሞቂያውን ስዳስሰው እንደ ሬሳ ቀዝቅዟል። ጃኬቴን ለብሼ፣ ኮፍያዬን አጥልቄ ተኛሁ። ተኛሁ ማለት ከተቻለ።

ከመተኛታችን በፊት ግን ባቡሮቹ የሚያድሩበትን ቦታ አይተናል። በ1907 የተሠራ፣ ግማሽ ክብ የሆነ የጡብ ቤት ነው። ፊት ለፊቱ ባቡሩን ከነክብደቱ ተሸክሞ የሚያዞር ድልድይ አለ። ውስጡ ይሞቃል! ከማረፊያችን ይልቅ እዚያ ብንተኛ ይሻለን ነበር። አንድ ሠራተኛ የምድጃውን በር ከፍቶ ድንጋይ ከሰል በአካፋ ይበትናል። ዝም ብሎ አይከምርም፤ አንዴ ወደ ጥግ፣ አንዴ ወደ ኋላ፣ እንጀራ እንደሚጋግር ሰው በእኩል ያዳርሳል። ቁልፍ ተጭነህ የምታስነሳው ነገር አይደለም። ውሃው ፈልቶ እንፋሎቱ ጉልበት እስኪያገኝ ሰዓታት ይፈጃል። ስለዚህ ሌላው ሲተኛ አንድ ሰው እሳት ይጠብቃል።

እዚያው አንድ ጡረተኛ እንግሊዛዊ አገኘን። ፊቱ ጥላሸት፣ ጥርሱ ብቻ ነጭ። ከ1997 ጀምሮ እንግሊዞች እየከፈሉ፣ በባለሙያ አጠገብ ሆነው፣ ሕዝብ የጫነውን ባቡር ይነዱ፣ ከሰል ይጨምሩ ነበር። ገንዘቡ ባቡሩን ለማቆየትም ረድቷል። ግን ገንዘብ ከፍሎ ከሰል መዛቅ! አጎቴ የድሬዳዋ ምድር ባቡር ጋራዥ ውስጥ ዕድሜውን በቅባት የጨረሰ ሰው ነው። ይሄን ብነግረው "ላካቸው፣ እኛ ጋም ሥራ አለ" ይላል።

ሌሊት 11 ሰዓት ተኩል ላይ ባቡሩ ተነሳ። ጎታቹ ኦኤል 49 የሚባለው ዓይነት ነው፤ ከ1951 እስከ 1954 ፖላንድ የሠራችው። ባልደረባዬ ከፊተኛው ፉርጎ መስኮት ከፍቶ ድምፅ ይቀዳል። ሌሎች አምስት ስድስት ካሜራ የያዙ ፈረንጆችም አብረውት ቆመዋል። እኔ ወደ ኋላ ሄድኩ። እዚያ ያየሁት ነው ደስ ያለኝ። ሁሉም ተኝቷል። አንዲት ተማሪ ቦርሳዋን አቅፋ አፏን ከፍታ ታንኮራፋለች። አንድ ቱታ የለበሰ ሰውዬ ዳቦውን ከወረቀት ፈትቶ ይበላል። የአውሮፓ የመጨረሻው ምናምን ለእነሱ ወደ ሥራ መሄጃ ነው፤ በቃ። ከመቀመጫው ሥር የሚወጣው ሙቀት ደግሞ እግሬን ያቃጥላል። የሌሊቱን ዕዳ ከፈለኝ።

ራኮኒየቪጸን አልፈን ግሮጂስክ ስንደርስ እኔም አላስቻለኝም፤ አንገቴን በመስኮት አወጣሁ። ወዲያው አንድ ነገር ዓይኔ ውስጥ ገባ። የከሰል ብናኝ ነው። ዓይኔን ጨፍኜ ስዳክር ፊት ለፊቴ የተቀመጡት እናት ተነሱ። በፖላንድኛ ተቆጡኝ፤ አንድ ቃል አልገባኝም፣ ግን ቁጣውን አውቀዋለሁ። አገጬን ያዙ። ከቦርሳቸው መሐረብ አውጥተው ጫፉን አሾሉና ብናኟን አነሷት። ከዚያ መሐረቡን በምራቃቸው አርሰው ግንባሬን መወልወል ጀመሩ። አርባ ዓመት ሊሞላኝ ነው። አያቴ ካረፉ ወዲህ ማንም እንዲህ አድርጎኝ አያውቅም። ሲጨርሱ መስኮቱን ራሳቸው ዘጉት፤ ወደ መቀመጫዬም ጠቆሙኝ። ተቀመጥኩ።

ፖዝናን ስንደርስ ገና እየነጋ ነበር። ካሜራ የያዙት ወደ ፊት ሮጡ፤ የተቀሩት ወደ ትራም። እናትየዋን ላመሰግን ብዞር ሄደዋል።

ባልደረባዬ "በመልሱም እንሂድ" አለ። ቡና ጠጥተን ስንመለስ ሐዲዱ ላይ የቆመው ንጹሕ የናፍጣ ባቡር ነው። ጎታቹ ተበላሽቷል አሉ። ፈረንጆቹ ማመን አቃታቸው፤ አንዱ ሰዓቱን ደጋግሞ ያያል። ባልደረባዬ ሊያለቅስ ደረሰ። እኔ በበኩሌ የመስኮቱን ጥግ ያዝኩ፣ ጃኬቴን ጠቅልዬ ተንተራስኩ፣ እስከ ቮልሽቲን ድረስ እንደዚያች ተማሪ አፌን ከፍቼ ተኛሁ። በነገራችን ላይ ቮልሽቲን የጀርመናዊው ተመራማሪ የሮበርት ኮክ ቤት አለ፤ የአባ ሰንጋን ተህዋስ ያጠናው በ1876 እዚያው ሐኪም ሆኖ ሲሠራ ነው። ከብት ያረባ ቤተሰብ ልጅ ነኝና ይሄንን ለማየት ጓጉቼ ነበር። ስንደርስ ዝግ ነበር።