ስምንት ወንበር ያላት የቶኪዮ ሱሺ ቤት

ቶኪዮ ውስጥ ወዳለው የጹኪጂ ገበያ የምትሄዱ ሰዎች አንድ ነገር አስቀድማችሁ ዕወቁ፤ ታላቁ የዓሣ ጨረታ አሁን እዚያ የለም። እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2018 እዚያው ቶኪዮ ወዳለው የቶዮሱ ገበያ ተዛውሯል። የቀረው የውጪው ገበያ የሚባለው ነው፤ ጠባብ ጠባብ መንገዶች፣ ቢላ ሻጮች፣ የደረቀ ዓሣና የባሕር ቅጠል ቸርቻሪዎች፣ በመሃላቸውም ትናንሽ ሱሺ ቤቶች። እሑድ ብዙዎቹ ዝግ ናቸው፤ ረቡዕም የሚዘጉ አሉ። እኔ የበላሁባት ቤት በሂቢያ የባቡር መስመር ላይ ካለው የጹኪጂ ጣቢያ በእግር አምስት ደቂቃ አትርቅም። ስምንት ወንበር፣ አንድ የእንጨት ባንኮኒ፣ ከባንኮኒው ኋላ ሁለት ሰዎች፤ ሌላ የለም። በሩ ላይ አጭር የጨርቅ መጋረጃ ከተሰቀለ ቤቱ ክፍት ነው። መጋረጃው ወደ ውስጥ ከገባ ወይ ሰዓቱ አልደረሰም ወይ ዓሣው አልቋል።

ማታ እንዲህ ዓይነት ቤት ያለ ቀጠሮ አይገባም። ባለቤቱ ጠዋት የሚገዛው ዓሣ በተያዘው ወንበር ልክ ስለሆነ የአንድ ሰው መቅረት ኪሳራው የእሱ ነው፤ ለዚህም ነው በቀሩበት ቀን ሙሉ ሒሳብ የሚያስከፍሉ ቤቶች የበዙት። በስልክ እንግሊዝኛ ስለማይገኝ ያረፋችሁበት ሆቴል ሠራተኞች ቢደውሉላችሁ ይሻላል። ከሰዓቱ አምስት ደቂቃ ቀድማችሁ ድረሱ፤ ሁሉም እንግዳ አብሮ ይጀምራልና የአንዱ ማርፈድ የሰባቱን ማዕድ ያዛባል። ሽቶም አትቀቡ። ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚሞክር ምሳ ይበጃል፤ አካባቢው ላይ ከ3,000 እስከ 5,000 የን ጥሩ ምሳ ይገኛል፣ የማታው ግን 20,000 የን አልፎ ሊሄድ ይችላል።

ቦታ ስታስይዙ የማትበሉትን እዚያው ተናገሩ፤ ከተቀመጣችሁ በኋላ መናገር ለሼፉም ለእናንተም ይከብዳል። «ኦማካሴ» ማለት ምርጫውን ለሼፉ መተው ስለሆነ የሚመጣው ሁሉ እሱ ያሰበው ነው። ለእኛ ይህ ቀላል ጉዳይ አይደለም። በቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ያደገ ሰው ክንፍና ቅርፊት የሌለውን የውሃ እንስሳ አይበላም፤ ሽሪምፑ፣ ስኩዊዱ፣ ኦክቶፐሱ፣ በዛጎል ያለው ሁሉ በዚህ ይወድቃል። አናጎ የሚባለው እባብ መሰሉ ዓሣም ቅርፊት የለውም። ዓሣ የማይበላበት ጾም ላይ ያለ ሰው ካፓማኪ የሚባለውን የኪያር ጥቅል ማዘዝ ይችላል። ሾርባው ግን ያታልላል፤ ሚሶ ከሚባል የአኩሪ አተር ሊጥ የሚሠራው ሾርባ አትክልት ብቻ ቢመስልም መረቁ አብዛኛውን ጊዜ ከደረቀ ዓሣ የወጣ ነው። አልኮል የማይነካ ሙስሊም ደግሞ ዓሣው ላይ በብሩሽ ስለሚቀባው ስጎ ይጠይቅ፤ ሶይ ሶስ ከሳኬና ከሚሪን፣ ከሩዝ ከሚወጡ የጃፓን አልኮሎች ጋር ፈልቶ የሚዘጋጅ ነው።

ብዙዎቻችን ሱሺ ማለት ጥሬ ዓሣ ይመስለናል። ጥሬ ዓሣ ብቻውን ሲቀርብ ስሙ ሳሺሚ ነው። ሱሺን ሱሺ የሚያሰኘው በአቼቶ የተቀመመው ሩዝ ነው፤ የቤቱ ማንነትም የሚለየው በሩዙ ነው። ዓሣውን ገንዘብ ያለው ሁሉ ከቶዮሱ ይገዛዋል፤ ሩዙን ግን እጅ ነው የሚያበጀው። ሩዙ ውሃ ትንሽ ቀነስ ተደርጎለት ይበስላል፣ ቀሪውን እርጥበት ከአቼቶው ያገኛልና። እንደ ወጣ ትኩሱን ሰፊ የእንጨት ገበታ ላይ ይገለብጡትና አቼቶ፣ ጨውና ስኳር የተቀላቀለበትን ያፈሱበታል። ከቀዘቀዘ ፍሬው አይጠጣውም፤ ላዩ ላይ ይቀራል። ማማሰያው ጠፍጣፋ እንጨት ነው፣ እንደ ቢላ አግድም እየቆረጠ ይገባል እንጂ አያማስልም፤ ካማሰለ ፍሬው ተሰባብሮ እንደ ገንፎ ይሆናል። በማራገቢያ ሲያራግቡት ላዩ ያብረቀርቃል። ቀይ አቼቶ የሚጠቀሙ ቤቶች ሩዛቸው ቡናማ መልክ አለው፤ አቼቶው ከሳኬ ዝቃጭ ተብላልቶ የሚወጣ ነው፣ ጣዕሙም ጠለቅ ይላል። እኔ በቀዩ የተሠራውን እመርጣለሁ፤ ቅባት የበዛበትን ቱና የሚችለው እሱ ነው።

ከሼፉ ፊት ለፊት ስትቀመጡ እጁን ተመልከቱ። ጣቶቹን አቼቶ ጠብ ያለበት ውሃ ውስጥ ነክሮ አንዴ ያጨበጭባል፤ ትርፉ ውሃ ይረግፋል፣ ሩዙም መዳፉ ላይ አይጣበቅም። በግራ እጁ ዓሣውን ይይዛል፣ በቀኙ አውራ ጣት የምታህል ሩዝ ከገበታው ያነሣል፣ በዚያው እጅ ጠቋሚ ጣት ዋሳቢ የሚባለውን የሚወጋ አረንጓዴ ቅመም ዓሣው ላይ ያስነካል፤ ከዚያ ያጋጥማል፣ ይገለብጣል፣ ሁለት ሦስት ጊዜ ጫን ያደርጋል። ሁሉም ከስድስት ሰባት ሰከንድ አይበልጥም። ሳህኑ ላይ ሲያስቀምጠው ጉርሻው ዝቅ ሲል ታያላችሁ፤ በሩዙ መካከል አየር ስላለ በራሱ ክብደት ይቀመጣል። ይህን ካያችሁ ጥሩ እጅ ነው። የጠበቀ ሩዝ አፍ ውስጥ እንደ ጭቃ ድቡልቡል ይሆናል፤ የላላ ደግሞ ገና ስታነሡት ይበተናል።

ስለዚህ አታቆዩት። ሩዙ የሚቀርበው የሰው ገላ ያህል ሞቆ ነው፤ ዓሣው ከሱ ቀዝቀዝ ይላል። ሁለት ሦስት ደቂቃ ከቆየ ሩዙ ይደርቃል፣ ዓሣው ይሞቃል፣ ሼፉ የደከመበት ልዩነት ይጠፋል። ፎቶ የሚያነሣ ሰው አንድ ጊዜ ጠቅ አድርጎ ይብላው። በእጅ መብላት ነውር የለውም፣ ለእጅ መጥረጊያ እርጥብ ፎጣ የሚቀርበውም ለዚሁ ነው፤ ጉርሻ ለለመደ ሰው ከቾፕስቲክ ይልቅ ይቀላል። አንዱን በአንዴ አፍ ውስጥ መክተት ነው፤ ነክሶ ግማሹን መመለስ ሩዙን ይበትናል። ሩዙ ከበዛባችሁ አነስ እንዲያደርግላችሁ ጠይቁት፣ ደስ እያለው ያደርገዋል። ስጎ ከተቀባ ሌላ አትጨምሩ። ካልተቀባ በጎኑ አዘንብሉና የዓሣውን ጫፍ ብቻ አስነኩ፤ ሩዙ ከነካው ጠጥቶ ይፈርሳል፣ ጨው ጨው ብቻም ይላል። በቾፕስቲክ ከሰው ወደ ሰው ምግብ አታቀባብሉ፤ ጃፓኖች ከቀብር በፊት አስከሬኑ ተቃጥሎ የቀረውን አጥንት በቾፕስቲክ የሚቀባበሉበት ሥርዓት ስላላቸው ማዕድ ላይ ይዘገንናቸዋል።

ቅደም ተከተሉ ከቀላል ወደ ከባድ ነው። መጀመሪያ ነጭ ሥጋ ያላቸው፣ እንደ ታይና ሂራሜ። ከዚያ ኮሃዳ፤ ቆዳው ብር መሳይ ነጠብጣብ ያለው ትንሽ ዓሣ ነው፣ በጨው ከዚያም በአቼቶ ይታሻል። ጨው የሚቆይበት ጊዜ በዓሣው መጠንና በቅባቱ ይለያያል፤ ትንሽ ካለፈ ይጠነክራል፣ ካነሰ የዓሣው ጠረን አይለቅም። ሼፉን መመዘን የሚፈልግ በኮሃዳ ይመዝነው። ቱና ከዚያ ይከተላል፤ ቀዩ አካሚ መጀመሪያ፣ ቅባት ያለው ቹቶሮ ቀጥሎ፣ በጣም የሚቀልጠው ኦቶሮ መጨረሻ። በመሃል በመሃል የሚቀርበው የኮመጠጠ ዝንጅብል አፍ ማጽጃ ነው፣ ከሱሺው ጋር አንድ ላይ አይበላም። ዓሣ ሁሉ ከውሃ እንደ ወጣ ይጣፍጣል ብላችሁም አታስቡ። ነጩም ቱናውም ተቆርጦ ቀናት ሲያርፍ ነው ጣዕሙ የሚወጣው፤ ወዲያው የተበላ ዓሣ ጠንካራና ጣዕም አልባ ነው።

ዋሳቢውን በሻርክ ቆዳ ላይ ሲፍቁት ካያችሁ እውነተኛው ነው። እንደ በርበሬ ምላስን ሳይሆን አፍንጫን ይወጋል፣ ግን ፈጥኖ ይጠፋል፣ ጣፋጭነትም ይተዋል፤ ከተፋቀ በኋላ ሩብ ሰዓት ገደማ ሲያልፍ ኃይሉ ይዳከማል። በቱቦ የሚሸጠው አረንጓዴ ሊጥ ብዙ ጊዜ ሆርስራዲሽ የሚባል የሚያቃጥል ሥርና ሰናፍጭ ቀለም ተጨምሮበት ነው። ዋሳቢ የማትፈልጉ «ሳቢ ኑኪ» በሉ።

ጥሬ ዓሣ የሚያስፈራን ያለ ምክንያት አይደለም። አኒሳኪስ የሚባል ነጭ ቀጭን ትል፣ ሁለት ሦስት ሴንቲ ሜትር የሚሆን፣ በማኬሬልና በስኩዊድ ውስጥ በብዛት ይገኛል፤ ከበላችሁ ከጥቂት ሰዓት በኋላ ኃይለኛ የሆድ ቁርጠት ያመጣል። አቼቶም፣ ጨውም፣ ዋሳቢም አይገድሉትም፤ የሚገድለው ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ሴልሺየስ ላይ ለ24 ሰዓት መቆየት ወይም በደንብ ማብሰል ነው። ጥሩ ቤት ወይ ያቀዘቅዘዋል ወይ ሥጋውን በብርሃን እያየ ይለቅመዋል። እዚህ ላይ አደራ የምለው አለ። ቁርጥና ክትፎ የለመደ አፍ ከጃፓን ሲመለስ በጣና ወይም በሐዋሳ ዓሣ ልሞክረው ይላል። የሱሺ ሙያ በባሕር ዓሣ ላይ የቆመ ነው፤ ጃፓኖቹ ራሳቸው የሐይቅና የወንዝ ዓሣን በጥሬው የሚጠነቀቁት በጥገኛ ትሎቹ ምክንያት ነው። የቤት ፍሪዘርም ብዙ ጊዜ እስከሚፈለገው ቅዝቃዜ አይወርድም።

መጨረሻ ላይ ጥቅልል እንቁላሉ፣ ጥቅል ሱሺው፣ ትኩስ ሻዩ ይመጣል። በባሕር ቅጠል የተጠቀለለውን በእጅ ከሰጣችሁ ሳህን ላይ ሳታሳርፉ ብሉት፤ ቅጠሉ የሩዙን እርጥበት ወዲያው ስለሚጠጣ ጥርስ ላይ ኩርችም ማለቱ ይቀራል። ቲፕ አይሰጥም፤ ሒሳቡ ላይ 10 በመቶ ታክስ አለ፣ ትናንሽ ቤቶች ካርድ የማይቀበሉ ስላሉ የን በእጅ ይያዙ። ስትነሱ ለሼፉ «ጎቺሶሳማ»፣ ስለ ማዕዱ አመሰግናለሁ፣ በሉት፣ ወንበሩንም ቶሎ ልቀቁ፤ ቀጣዮቹ ስምንት ሰዎች በር ላይ ናቸው።