«የሚነበቡ»

ከጠዋት ጀምሮ አንድ ነገር ተጭኖኛል። ምንድን ነው ብባል መልስ የለኝም። ስልኬ ጢ ባለ ቁጥር ብድግ አደርገዋለሁ፤ የጠበቅኩት አይደለም፤ በፊቱ ደፍቼ አስቀምጠዋለሁ። ረፋዱ ላይ የመጣ አንድ የማስታወቂያ መልእክት «ውድ ደንበኛችን» ሲለኝ ለአፍታ ልቤ ሞቅ አለ። እዚህ ደርሻለሁ።

ስለ እህትማማቾች የጻፍኳትን የፊልም ስክሪፕት እርስ በርስ ከምንነባበበው ጸሐፊዎች ለሰባቱ ከላክኩ 22 ቀን ሆነኝ። ሰባቱም «ደርሶኛል» ብለዋል። ሁለቱ «በጉጉት ነው የማነበው» የሚል ጨምረውበታል። ከዚያ ወዲያ ጭጭ። ስለዚህ ዛሬ ማታ ምሬቴን ልተፋው ነበር የተቀመጥኩት። የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ሁሉ ተዘጋጅቶ ነበር፤ «የሚጽፍ እንጂ የሚያነብ ጠፋ» የሚል፣ ነቢይ ነቢይ የሚሸት።

ኮምፒውተሬን ስከፍት ግን ዓይኔ አንድ ፎልደር ላይ አረፈ። «የሚነበቡ» ይላል። ሃያ ሦስት ፋይል አለበት። ሃያ ሦስት ጊዜ «ደርሶኛል» ያልኩባቸው ናቸው። ለስንቶቹ «በጉጉት» እንዳልኩ አላስታውስም፤ ማስታወስም አልፈልግም።

ያቺ የነቢይ ዓረፍተ ነገር እዚያው ቀረች።

እሺ፣ እንግዲህ እውነቱን ልናገር። የማንን አነባለሁ? እንዴትስ እመርጣለሁ? ሰው ሲጠይቀኝ «ሐሳቡ የሳበኝን» እላለሁ። ውሸት ነው። መጀመሪያ የማየው የገጽ ቁጥር ነው። አንድ ገጽ አንድ ደቂቃ ነው በሚለው ልማድ 110 ገጽ ማለት የሁለት ሰዓት ፊልም ሊሆን ምንም ያልቀረው ነው። ለማንበብ አንድ ሰዓት ተኩል፣ አስተያየቱን ለመጻፍ ደግሞ ከዚያ የበለጠ። አንድ ምሽት ሙሉ ሄደ ማለት ነው። አምስት ገጽ ግን ቆሞም ይነበባል። ባለ ነጠብጣቡ ይህን ቀድሞን ነቅቶበታል። (ከእኛው አንዱ ነው፤ ገፀ ባህርያቱ አንድ ዓረፍተ ነገር ሳይጨርሱ ሦስት ነጥብ የሚደረድርባቸው።) ካለፈው ዓመት ወዲህ ከስድስት ገጽ በላይ ጽፎ አያውቅም። በስድስት ገጽ ሁለት ሰው ይገድላል፣ አንድ ጥንድ ያፋታል፣ አንድ ሕፃን ከጠፋበት ያስገኛል። ከሁላችንም በላይ የሚነበበው እሱ ነው።

ቁጥሩን ካለፍኩ የመጀመሪያውን ገጽ ገለጥ አደርጋለሁ። የማነበው መስሎኝ ነበር፤ ዛሬ ሳስበው ግን የማየው መልኩን ነው። ፊደሉ ለስክሪፕት የተለመደው ኩሪየር 12 ነው? የትዕይንቱ ርእስ ውስጥ ይሁን ውጭ፣ ቀን ይሁን ሌሊት ይነግረኛል? ወይስ ስምንት መስመር ያለ እረፍት የተገጠገጠ ገለጻ ነው? «ካሜራው ቀስ ብሎ ወደ ዓይኗ ይጠጋል» የሚል ካየሁ ጸሐፊው ዳይሬክተሩንም ካሜራማኑንም አባሮ ብቻውን የቀረ ይመስለኛል። ዋናው ሰውዬ በማንቂያ ደወል ከእንቅልፉ ሲነቃ ከጀመረ እሱ ነቃ፣ እኔ ተኛሁ። እንዲህ እያልኩ ስንቱን በአንድ ደቂቃ እንደዘጋሁ እግዜር ይቁጠረው። ደግሞ ሌላ ቀን ሰው ፊት ቆሜ «ፎርማት ምንም አይደለም፣ ዋናው ታሪኩ ነው» የምለውም እኔው ነኝ።

አንድ መስመር ማጠቃለያውስ? ሎግላይን የምንለው? ማን ነው፣ ምን ይፈልጋል፣ ምን ከለከለው፤ በቃ፣ ይኸው ነው። አንዱ የላከልኝ ግን «ስለ ሕይወት ውጣ ውረድ የሚያጠነጥን ጥልቅ ታሪክ» ይላል። ይኼማ የማንም ሕይወት ነው። የእኔም ነው። ለምን አነበዋለሁ?

ግን ይህ ሁሉ ማማረጥ የሚሠራው ለማላውቀው ሰው ነው። የማውቀው ሰው ሲሆን ምርጫ የሚባል ነገር የለም፤ ያለው ዕዳ ነው። ብድር በምድር። የእኔን ያነበበልኝን አነብለታለሁ። ሁለት ገጽ አስተያየት ከጻፈልኝ ሁለት ገጽ እጽፍለታለሁ፤ አንድ ተኩል ብጽፍ ሌሊቱን ሙሉ ይቆረቁረኛል። ክፋቱ ብድሩ በገጽ ብቻ አለመሆኑ ነው፤ በልስላሴም ይከፈላል። ለእኔ ለስለስ ያለ ሰው ላይ እንዴት እጨክናለሁ? መካከሉ እንደሚያንቀላፋ ዓይኔ እያየ «መካከሉ ላይ ፍጥነቱን ብታየው» ብዬ አልፋለሁ። እሱም በተራው የእኔን እንዲሁ ይሸፋፍንልኛል። ሁለታችንም ተመሰጋግነን፣ ሁለቱም ስክሪፕቶች እንቅልፋቸውን ይለጥጣሉ።

«ጨክነሽ ንገሪኝ» የሚሉኝን ደግሞ እፈራቸዋለሁ። አንዱን አምኜው ጨከንኩ። ስምንት ወር አኮረፈኝ። ኮሜዲ የማላነበውም ለዚህ ነው፤ ለአንድ ሰው ታሪክህ ላልቷል ይባላል፣ ቀልድህ አያስቅም ግን በምን አፍ ይባላል?

የሚከፈላቸው አንባቢዎች ይህ ጣጣ የለባቸውም ብዬ እቀናለሁ። የስቱዲዮ ወይም የፕሮዲዩሰር አንባቢ የተሰጠውን ያነባል፣ ታሪኩን ያሳጥራል፣ አስተያየቱን ይጽፋል፣ ከታች «ይሠራ»፣ «ይታሰብበት» ወይም «ይቅር» ይላል፤ ወደሚቀጥለው ያልፋል። ጸሐፊው በማግስቱ አይደውልለትም። ደግሞ እነሱም ቢሆኑ... እ.ኤ.አ. በ2005 ፍራንክሊን ሌናርድ የሚባል በፊልም ኩባንያ ውስጥ የሚሠራ ሰው፣ ሥራው ስክሪፕት ማንበብ ሆኖ ሳለ፣ በእረፍቱ የሚያነበው ደህና ነገር ቸግሮት ለሙያ ባልደረቦቹ ጻፈላቸው፤ ገና ካልተሠሩት መካከል የትኛውን ወደዳችሁ ብሎ። መልሳቸውን አጠናቅሮ መልሶ ላከላቸው። ብላክ ሊስት የሚባለው ዓመታዊ ዝርዝር የተወለደው እንዲህ ነው። እንግዲህ ክምር ፊት ቆሞ «የቱን?» ማለት የአማተር ብቻ በሽታ አይደለም። ይህን ሳስብ ለትንሽ ጊዜ ቀለል አለኝ። ልዩነቱ፣ እሱ የሰዎቹን ጣዕም ነው የጠየቀው፤ እኔ የምጠይቀው ማን የማን ባለ ዕዳ እንደሆነ ነው።

ከዕዳው ለመውጣት አንድ ጊዜ ሞክሬያለሁ። የአሜሪካው የፊልም አካዳሚ ከእ.ኤ.አ. 1986 ጀምሮ የሚያካሂደው ኒኮል ፌሎሺፕ የሚባል የጀማሪ ስክሪፕት ጸሐፊዎች ውድድር አለ፤ በሽፋኑ ላይ የጸሐፊው ስም እንዳይኖር ያዝ ነበር። እኔም እንደዚያ ላድርግ አልኩ። የአክስቴን ልጅ ጠርቼ ከፎልደሩ አምስት እንድትመርጥልኝ፣ ሽፋኑን እንድታወጣ፣ ፋይሎቹንም ከአንድ እስከ አምስት ብቻ ብላ እንድትሰይም ለመንኳት። በጽድቅ መንፈስ ቁጥር አንድን ከፈትኩ። ሦስተኛው መስመር ላይ ሦስት ነጥብ። ባለ ነጠብጣቡ። ቁጥር ሁለት በዝናብ ይጀምራል፤ ባለ ዝናቡ መሆኑን ለማወቅ ነጎድጓዱን መጠበቅ አላስፈለገኝም። ቁጥር ሦስትን በገለጻው አወቅኩት፤ ሴት በገባች ቁጥር ፀጉሯን ሳይናገር አያልፍም። ቁጥር አራት ላይ ትንሽ ተንገዋለልኩ፤ ማን ይሁን እያልኩ በአንድ ትንፋሽ አርባ ገጽ ሄድኩ። ምልልሱ አጭር ነው። ማንም ሰው የሚፈልገውን በቀጥታ አይናገርም። አንዲት እናት ለልጇ ሻንጣ ስታስተካክል አራት ጊዜ አጣጥፋ አራት ጊዜ ትፈታዋለች፣ «አትሂድ» የምትለው ቃል ግን የለም። እዚያ ላይ ስደርስ የማን እንደሆነ ገባኝ፤ ሆዴ ውስጥም አንድ ነገር ቁርጥ አለ።

የእሷ ነው። የዚያች ልጅ። ከመጀመሪያው ስክሪፕቷ ጀምሮ ከሁላችንም እንደምትሻል የማውቀው፣ ለማንም ያልተናገርኩት።

ለእሷ የጻፍኩትን አስተያየት ዛሬ ፈልጌ አገኘሁት። ሦስት መስመር ነው። «ግሩም ነው። በርቺ። ገጽ 61 ላይ አንድ የፊደል ግድፈት አለ።» ለባለ ዝናቡ የጻፍኩት ሁለት ገጽ ተኩል ነው፤ ትዕይንት በትዕይንት። መጥፎውን ለመተቸት ቃል አያልቅብኝም፤ እዚያ ላይ ሊቅ ነኝ። ጥሩውን ሲሆን ግን ሻንጣው ለምን ልቤን እንደነካኝ ለማስረዳት መቀመጥ፣ ማሰብ፣ መጨረሻ ላይም እኔ እንዲህ አልችልም ማለት ሊኖርብኝ ነው። ስለዚህ የፊደል ግድፈት ፈለግኩላት። አዲሱ ስክሪፕቷ ፎልደሩ ውስጥ ከተቀመጠ ሦስት ሳምንት ሆነው። «ሥራ በዛብኝ» ብያታለሁ። አልበዛብኝም።

መጥፎውን ማንበብ የምወደው ለክፋት ብቻ አይደለም፤ ይህችን ለራሴ ልመስክርላት። በሰው ገጽ ላይ የማየው ስህተት በራሴ ላይ የማላየው ነው። አንድ ጊዜ የአንዱን ሳነብ ወንድም ለወንድሙ «እንደምታውቀው አባታችን ከሞተ ሦስት ዓመት ሆነው» ይለዋል። ጠርዙ ላይ «ካወቀው ለምን ይነግረዋል?» ብዬ ጻፍኩ፤ በራሴም ብልጠት ሳቅኩ። ማታ የእህትማማቾቹን ስከፍት ገጽ 14 ላይ ትልቋ ታናሿን «ታስታውሺያለሽ፣ እማዬ ቤቱን የሸጠችው አንቺ ትምህርት ስትጀምሪ ነው» ትላታለች። ታስታውሳለቻ! እዚያው ነው የኖረችው! ያንን ሰውዬ ያነበብኩት ለእሱ ብዬ ከነበረ፣ የጠቀምኩት ማንን እንደሆነ እንጃ።

ቁጥር አምስት ቀርቶ ነበር። እሱን አልከፈትኩትም ነበር፤ የፋይሉ ዝርዝር 143 ገጽ ስለሚል ያለ ስምም የማን እንደሆነ ግልጽ ነው። የጋሼ ነው።

ጋሼ አይመርጡም። ይህን እስከ ዛሬ እንደ አንድ የዕድሜ ጠባይ ነበር የማየው። የሁላችንንም በመጣበት ቅደም ተከተል ያነባሉ፤ ስድስት ገጽም ይሁን መቶ ሃያ። ገጽ እየጠቀሱ ይጽፋሉ። አይቆጡም፣ አይክቡም። አንድ ጊዜ «ጋሼ፣ ደግሞ የሁሉንም? የማይረባውን ይዝለሉት እንጂ» ስላቸው «ልጄ፣ መምረጥ ከጀመርኩማ የማንንም አላነብም» አሉኝ። ሳቅኩ። እሳቸው አልሳቁም።

የሚገርመው ከሁላችንም ያነሰ የሚነበቡት እሳቸው መሆናቸው ነው። ገጹ ስለበዛ ነው እል ነበር። አሁን ሳየው ሌላ ነገር ነው። ጋሼ አንብበው «የኔንስ?» አይሉም። ያልተጠየቀ ዕዳ ደግሞ ዕዳ አይመስልም። ያነበበልኝ ሁሉ አበዳሪዬ ነው፤ እሳቸው ግን እንደ ዝናብ ናቸው፣ ለዝናብ ማን ይከፍላል? የእህትማማቾቹን ከላክሁላቸው ሰባት ሰዎች አንዱ እንኳ አይደሉም። እንዳይደክማቸው ብዬ ነው። (ይህንንም ለራሴ እንደዚያ ነበር የነገርኩት። እውነቱ፣ የሳቸው አስተያየት የማይቀር ስለሆነ እንደ አስተያየት አልቆጥረውም።)

ስለዚህ ከፈትኩት። የአክስቴ ልጅ ያወጣችው ሽፋን እዚያው ፎልደሩ ውስጥ ነበር፤ እሱንም አየሁት። ከስማቸው ሥር «ሰባተኛ ረቂቅ» ይላል። ሰባተኛ! ስድስቱን ማን አንብቦላቸው ነው ሰባተኛ የደረሱት? በማን አስተያየት ነው ያረሙት?

የድሮ መልእክቶቻችንን መፈተሽ ጀመርኩ። ሦስተኛውን ረቂቅ ለእኔ ልከውልኝ ነበር፤ ያኔ 119 ገጽ ነበር። በአራተኛው ቀን «አነበብኩት ጋሼ፣ በጣም ደስ ይላል!» ብያለሁ። ከሽፋኑ አላለፍኩም ነበር። ጋሼ ወዲያው መለሱ፦ «እግዜር ይስጥልኝ ልጄ። መጨረሻው አልረዘመም? ላሳጥረው እያሰብኩ ነው።» እኔም እንዳይነቃብኝ፣ እንደ አንባቢ፣ እንደ ባለሙያ፣ «ኧረ በፍጹም! እንዲያውም መጨረሻው ቶሎ አለቀብኝ» ብዬ ጽፌያለሁ።

143 ሲቀነስ 119፣ ሃያ አራት ገጽ ነው።